የድሮውን ፎርሙላ ዋን የምታስታውሱ የባሕር ዳር ሰዎች፣ እስቲ ኑ እናውጋ

የጣና ዳር ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? እዚህ ሁሌ የኳስ ወሬ ነው፣ ዛሬ እስቲ የመኪና እሽቅድምድም ላንሳ። አሁን ያለውን አላልኩም፣ የድሮውን ፎርሙላ ዋን ነው። የሹፌሩ ትከሻና እጅ በግልጽ የሚታይበትን፣ የሄልሜቱን ቀለም አይታችሁ ማን እንደሆነ ከሩቅ የምትለዩበትን ዘመን ማለቴ ነው።

እኔን ይህ ነገር የያዘኝ በቪዲዮ ካሴት ነው። የአክስቴ ባል ከጣሊያን ሲመጣ የተቀዱ ውድድሮች ይዞ ይመጣ ነበር። ኮሜንታተሩ በጣሊያንኛ ይጮሃል፣ እኛ አንድም ቃል አይገባንም፣ ግን ሳሎን ሙሉ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ከሁሉም አእምሮዬ ላይ የቀረው የ1993ቱ ዶኒንግተን ነው፣ እንግሊዝ አገር። በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ የሆሳዕና እሑድ ነበር። መንገዱ በዝናብ ርሷል። ብራዚላዊው ሹፌር ሴና ከአራተኛ ቦታ ተነሳ፣ ወዲያው ወደ አምስተኛ ወረደ፣ ከዚያ ሹማኸርን፣ ቬንድሊንገርን፣ ዴመን ሂልን፣ በመጨረሻም ፕሮስትን አንድ በአንድ ደርቦ አንደኛው ዙር ሳያልቅ መሪ ሆነ። ያውም የሂልና የፕሮስት ዊሊያምስ ከሱ ማክላረን በግልጽ የሚበልጥ መኪና ነበር። ቢጫ ሄልሜቱ ጎማዎች ከሚረጩት ውሃ መሀል ብቅ ሲል አሁንም ይታየኛል።

አሁን ጥያቄዬ። የእህቴ ልጅ የዘንድሮውን ውድድር አንድም አያመልጠውም፣ ስልኩ ላይ ነው የሚያየው። ስለ ድሮዎቹ ሳወራለት ግን «እነሱ ቀርፋፋ ነበሩ» ይለኛል። ትምህርት ሊዘጋ ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ቁጭ አድርጌ ላሳየው አስቤያለሁ። እናንተ የማትረሱት ሹፌር ማነው? ለምን? የትኛውን ውድድር ላስቀድምለት?

ፋሲካ 86፦

ወንድሜ፣ ስሜን አይተህ ገብቶህ ይሆናል። ሴና የሞተው ሜይ 1 ቀን 1994 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም.። የፋሲካ ዕለት ነው። በዚያ ላይ ጊዮርጊስ ገጥሞ ነበር። ፈረንጆቹ ፋሲካቸውን ቀደም ብለው ስላከበሩ ለእነሱ ተራ እሑድ ነው። ለኛ ግን ዶሮው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ልጆች በአዲስ ልብስ ጣና ዳር ወጥተው ነበር። ማታ ታላቅ ወንድሜ የውጭ ሬዲዮ ሲጎረጉር ወሬውን ሰማ። ሁለታችንም ሴናን የምናውቀው ከመጽሔት ፎቶና ከካሴት ነው፣ ብራዚል የት እንዳለች እንኳ በካርታ ነው ያየነው። ግን ያን ማታ እንግዳ መሀል ቁጭ ብለን አለቀስን። እናቴ ደንግጣ «ማን ሞተባችሁ?» ስትል ምን ብለን እናስረዳት።

በኋላ የዚያን ሳምንት ነገር ሳጠና ይበልጥ ገረመኝ። ውድድሩ ኢሞላ ነው፣ ጣሊያን። ዓርብ ዕለት፣ ለኛ ስቅለት፣ ባሪኬሎ በከባዱ ተጋጭቶ ለጥቂት ተረፈ። ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞተ። እሑድ ደግሞ ሴና ከፊት ተነስቶ እየመራ፣ በሰባተኛው ዙር ታምቡሬሎ የሚባለው መታጠፊያ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ግንብ መታ። ምን እንዳስወጣው እስካሁን ይከራከራሉ። መኪናው ውስጥ የተጠቀለለ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ። ቢያሸንፍ ለራትዘንበርገር ሊያውለበልበው ነበር። ራትዘንበርገር እኮ ገና ጀማሪ፣ ማንም የማያውቀው ሹፌር ነው፣ ሴና የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው። ሰውየውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

አንድ ልጨምር። በ1992 ስፓ ላይ፣ ቤልጂየም፣ በልምምድ ሰዓት፣ ኤሪክ ኮማስ የሚባል ፈረንሳዊ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ መንገድ መሀል ቆመ። እግሩ ነዳጁን እንደረገጠ ነው፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ በማንኛውም ሰዓት እሳት ሊነሳ ይችላል። ሴና የራሱን መኪና አቁሞ ወረደና ሌሎች መኪኖች እየመጡ በእግሩ ሮጦ ሞተሩን አጠፋለት፣ ሐኪም እስኪመጣ ጭንቅላቱን ደግፎ ያዘው። ቪዲዮው አለ። ለልጁ ከየትኛውም ውድድር በፊት እሱን አሳየው።

ጋራዥ ውዬ፦

እኔ በሌላ በኩል ልምጣ፣ ሙያዬ ስለሆነ።

ልጁ «ቀርፋፋ ነበሩ» ካለ፣ ሴና ሞናኮ ላይ የነዳውን የ1990 ዙር አሳየው፣ ካሜራው መኪናው ላይ ነው የተገጠመው። ቀኝ እጁን ብቻ ተመልከት በለው። ያኔ የማክላረን ማርሽ እንደኛ መኪና በእጅ ነው የሚገባው፣ ፍሪሲዮን በእግር። ሞናኮ ጠባብ የከተማ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኝ ብረት ነው። ሰውየው መሪውን በግራ እጁ ብቻ ይዞ፣ በቀኙ ማርሽ እየለወጠ፣ ከብረቱ ጥቂት ጣት ርቆ ያልፋል። ዛሬ ማርሹ መሪው ጀርባ ባለች ምላስ በጣት ነው የሚለወጠው። ያን መጀመሪያ ይዞ የመጣው በ1989 ፌራሪ ነው፣ በመጀመሪያ ውድድሩም ብራዚል ላይ ማንሰል አሸነፈበት። እጅ በመሪና በማርሽ መሀል መመላለሱ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ።

እኔን ግን ከሹፌር በላይ የማረከኝ የቱርቦው፣ አየር በግድ ወደ ሞተር የሚነፋው መሣሪያ፣ ዘመን ነው። 1.5 ሊትር ሞተር፣ ማለትም ከከተማ ታክሲ የማይበልጥ፣ ከ1000 ፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣ ነበር። በተለይ የቢኤምደብሊው ባለ አራት ሲሊንደር። ብሎኩ መነሻው ሰው ገበያ ሄዶ የሚገዛው መኪና ሞተር ነው። ይህን ስነግራቸው ረዳቶቼ አያምኑኝም።

የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ቱርቦን ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ከተማችን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ቱርቦ ያለው ግን አየሩን በግድ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይጎዳም። ሬኖ በ1977 ቱርቦ ይዞ ሲመጣ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ ስለሚጨስ ይሳቅበት ነበር። ኪያላሚ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1979 የሬኖው ሹፌር ዣቡይ በቱርቦ የመጀመሪያውን ፖል ፖዚሽን፣ ማለትም ከሁሉም ፊት የሚነሱበትን ቦታ፣ የወሰደው እዚያ ነው፣ በ1980 ደግሞ የቡድን ጓደኛው አርኑ እዚያው አሸነፈ። የኛው አህጉር ደጋ ነው ቱርቦን ያስከበረው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያለ ቱርቦ ማንም የትም አይደርስም ነበር። የቱርቦው ዘመን መጨረሻ፣ 1988፣ ኤምፒ4/4 የሚባለው የማክላረን መኪና ነው፣ ከ16 ውድድር 15ቱን ወሰደ፣ ሴናና ፕሮስት ተካፍለው።

አዎ፣ ባለ ስድስት ጎማውን ታይረልንም እንዳትረሱት! ከፊት አራት ትንንሽ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ። ሐሳቡ የፊቱን ጎማ አሳንሶ ከአፍንጫው ጀርባ መደበቅ ነው፣ ንፋስ እንዳይይዘው። በ1976 ስዊድን ላይ አንደኛና ሁለተኛ ወጡበት፣ ሼክተርና ዴፓዬ። ከዚያ ለትንንሾቹ የሚሆን ጎማ እንደሌላው ስላልተሻሻለላቸው ነገሩ ደከመና በ1977 መጨረሻ ተተወ። ያኔ አንድ መሐንዲስ ያሰበውን ሠርቶ መንገድ ላይ ይሞክረው ነበር፣ አሁን ሕጉ ስለጠበበ መኪኖቹ ቀለማቸው ብቻ ነው የሚለያቸው። እኔ የሚናፍቀኝ ይሄ ነው።

የሹፌር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ነኝ፣ ይህን ነገር ከአባቴ ነው የወረስኩት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በወጣትነቱ መንገድ ሥራ ላይ ከጣሊያን ፎርማን ጋር ሠርቷል። ፎርማኑ የፌራሪ ነገር የማይሆንለት ሰው ነበር፣ መጽሔቱን አንብቦ ሲጨርስ ለአባቴ ይሰጠዋል። በኋላ አባቴ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የጭነት መኪና ሲነዳ ጋቢናው ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ከመጽሔት የተቀደደ የፌራሪው ሹፌር የኒኪ ላውዳ ፎቶ ነበር። ቀይ ኮፍያ ያደረገበት። ጆሮው የተቃጠለ ሰው ፎቶ ለምን እንደሚሰቅል ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር።

ታሪኩን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ኦገስት 1 ቀን 1976 ጀርመን ኑርቡርግሪንግ ላይ ላውዳ ተጋጭቶ መኪናው በእሳት ተያያዘ። ያወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አይደሉም፣ ሌሎቹ ሹፌሮች ናቸው። ሜርዛሪዮ፣ ኤርትል፣ ላንገር፣ ኤድዋርድስ፣ ውድድራቸውን ትተው እሳቱ ውስጥ ገቡ። ሆስፒታል ካህን መጥቶ የመጨረሻ ጸሎት አደረሰለት። ስድስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ግን ጣሊያን ሞንዛ ላይ ቁስሉ ሳይደርቅ ነዳና አራተኛ ወጣ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው።

አባቴ የሚወደው ግን ቀጣዩን ነው። የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ጃፓን ፉጂ ላይ ነው፣ ላውዳ ጄምስ ሀንትን በሦስት ነጥብ ይመራል። ዝናቡ ዓይን አያሳይም። ላውዳ ሁለት ዙር ነድቶ ገባና መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከአቅም በላይ አደገኛ ነው፣ አልነዳም አለ። ሀንት ሦስተኛ ወጥቶ በአንድ ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ላውዳም የሞተር ብልሽት ነው ብሎ አላመካኘም።

አባቴ ክረምት ላይ ዓባይ በረሃ አፋፍ ደጀን ሲደርስ ጉሙ ከወረደ መኪናውን ዳር ይዞ ይቆማል። ሌሎቹ ሹፌሮች ጡሩንባ እየነፉ ያልፉታል፣ አንዳንዱም «ፈሪ» ይለዋል። እሱ ሻዩን ጠጥቶ ጉሙ ሲገፍ ይወርዳል። ከዚያ በረሃ ስንት ሰው እንዳልወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አባቴ አልጋው ላይ ነው የሞተው። ስለዚህ የእኔ ሹፌር ላውዳ ነው፣ ውድድሩም ፉጂ 1976።

ባጃጅ ተራ፦

ሁላችሁንም አክብሬ ልናገር፣ እኔ ከእናንተ ሳላንስ አልቀርም። የእህትህ ልጅ ቢጤ ነኝ። የምትጽፉት ነገር ደስ ይላል ግን አንድ የሚከነክነኝ አለ። ድሮ ድሮ ስትሉ ሞቱንም አብራችሁ የምትናፍቁት ይመስላል። ጂም ክላርክ በ1968፣ ሪንት በ1970፣ ሴቨር በ1973፣ ፒተርሰን በ1978፣ ቪልኔቭ በ1982። ይሄ እኮ የክብር መዝገብ አይደለም፣ የቀብር መዝገብ ነው። አብዛኛው በትንሽ ወጪ ሊቀር የሚችል ሞት ነበር።

ለኔ ጀግናው ጃኪ ስቲዋርት ነው። በ1966 ስፓ ላይ በዝናብ ከመንገድ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተጣበቀ፣ ቤንዚን ሰውነቱ ላይ እየፈሰሰ። ሐኪም የለም፣ መፍቻ የለም። ያወጡት ግራሃም ሂልና ቦብ ቦንዱራንት ናቸው፣ መሪውን ለመፍታት ከተመልካች መፍቻ ተውሰው። ከዚያ በኋላ ስቲዋርት መፍቻ መኪናው ውስጥ በፕላስተር ለጥፎ ይነዳ ነበር። የብረት አጥር ይሠራ፣ ሐኪም ይኑር፣ ቀበቶ ይታሰር እያለ ሲጮህ «ፈሪ» አሉት፣ ልክ እንደ እህታችን አባት። ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ 27 ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው ፈሪ የሚባለው?

በ2020 ባሕሬን ላይ የግሮዣን መኪና ለሁለት ተቆርጦ እሳት ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ በእግሩ ወጣ። ከራሱ በላይ ያለው ሃሎ የሚባለው ብረት ነው ያተረፈው። ሃሎ በ2018 ሲመጣ ያስጠላል ያልነው ብዙ ነን።

ፋሲካ 86፦

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ሞቱን ማንም አይናፍቅም። እኔ ያን ቀን ከሕይወቴ ባወጣው ደስ ይለኛል። የምለው ግን ሌላ ነው። አደጋው ቅርብ ስለነበር ሹፌሮቹ እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን ይለይ ነበር። ለኮማስ የደረሰለት ሴና፣ ላውዳን ያወጡት አራቱ፣ አንተ የጠቀስከው ሂል ራሱ። አሁን ያሉት ልጆች መጥፎ ናቸው አላልኩም፣ ያን የሚያሳይ አጋጣሚ ስለማይገጥማቸው እግዚአብሔር ይመስገን።

የጣና ዳር ልጅ፦

ኧረ ተባረኩ! ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ባጃጅ ተራ፣ አንተ ያልከውን ለልጁ ራሴ አነብለታለሁ። መምህር፣ ዝም ብለው እያነበቡ እንደሆነ አይቻለሁ፣ እርስዎ ጣሊያን ተምረዋል ሲባል ሰምቻለሁና እስቲ ጋሼ አንድ ነገር ይበሉን።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ እያነበብኩ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። አዎ ሚላኖ ተማሪ ነበርኩ፣ ሞንዛንም በአካል አይቻለሁ፣ በ1975። ሞንዛ ትልቅ መናፈሻ ውስጥ ያለ፣ በዛፍ የተከበበ መንገድ ነው። እኛ በርካሹ ቲኬት ዛፍ ሥር ቆመናል፣ መኪናው ገና አይታይም። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። የፌራሪው ባለ 12 ሲሊንደር ድምፅ ከሌሎቹ ይለያል፣ ቀጭን ነው፣ ጫካው ውስጥ እያስተጋባ ይቀርባል፣ ከዚያ ቀይ ነገር ብልጭ ብሎ ያልፍና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ይቀራል። ያን ቀን ሬጋዞኒ አሸነፈ፣ ላውዳ ሦስተኛ ወጥቶ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። ፌራሪ ሻምፒዮን ሹፌር ካገኘ 11 ዓመት አልፎት ነበር። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ መንገዱን ሞላው። አጠገቤ የቆመ የማላውቀው ሽማግሌ አቅፎኝ አለቀሰ። የሹፌር ልጅ፣ አባትሽ ከላውዳ ፎቶ ጋር መንገድ መውጣቱ በደንብ ገብቶኛል።

ማንን ትመርጣለህ ካላችሁኝ ግን ያላየሁትን ሰው ነው የምመርጠው፣ ስተርሊንግ ሞስን። በ1958 ሞስና ማይክ ሆውቶርን ለሻምፒዮንነት ይፎካከሩ ነበር። ፖርቱጋል ፖርቶ ላይ ሞስ አሸነፈ፣ ሆውቶርን ሁለተኛ። ሆውቶርን ግን መኪናው ዞሮበት ስለነበር በተቃራኒ አቅጣጫ ነድተሃል ብለው ሊሰርዙት ሆነ። ሞስ ራሱ ዳኞቹ ዘንድ ሄዶ መሰከረለት። መንገዱ ላይ ሳይሆን እግረኛ መሄጃው ላይ ነው ያንቀሳቀሰው አላቸው። ነጥቡ ጸናለት። የዓመቱ መጨረሻ ካዛብላንካ ላይ፣ ሞሮኮ፣ ሞስ አሸነፈ፣ ሆውቶርን ሁለተኛ ወጣ። ሲደመር ሆውቶርን 42፣ ሞስ 41። በአንድ ነጥብ! ያን ዓመት ሞስ አራት ውድድር ሲያሸንፍ ሆውቶርን ያሸነፈው አንድ ነው። ባይመሰክርለት ኖሮ ሞስ ሻምፒዮን ነበር። ከዚያም በኋላ ሻምፒዮን ሳይሆን ቀረ። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ምስክርነት ሳስተምር ከመጽሐፍ ይልቅ ይህን ታሪክ ነበር የምነግራቸው።

ፋንጂዮንም ለልጁ ንገረው። አምስት ጊዜ ሻምፒዮን። በ1957 ኑርቡርግሪንግ ላይ 46 ዓመቱ ነው። ጎማ ሊቀይር ገብቶ ቡድኑ ስለተንዛዛ ከሁለቱ ፌራሪዎች፣ ከሆውቶርንና ከኮሊንስ፣ ወደ 50 ሰከንድ ዝቅ ብሎ ወጣ። ከዚያ የዙሩን ሪከርድ ደጋግሞ እየሰበረ አንድ ዙር ሲቀር ሁለቱንም አለፈ። የመጨረሻ ድሉም ያ ሆነ።

ጋራዥ ውዬ፦

ጋሼ እጅ ነሥቻለሁ። የድምፁን ነገር ሲጽፉት ፀጉሬ ቆመ።

ግን ዢል ቪልኔቭን የሚያነሳ ይጥፋ? ዲዦን፣ ፈረንሳይ፣ 1979! ዣቡይ ከፊት ብቻውን ነው፣ ለቱርቦ የመጀመሪያውን ድል ሊወስድ። ካሜራው ግን ረስቶታል፣ ምክንያቱም ከኋላ ቪልኔቭና አርኑ ለሁለተኛ ቦታ መጨረሻዎቹን ዙሮች ጎማ ለጎማ እየተነካኩ፣ አንዴ ይሄ አንዴ ያኛው እየደረበ፣ ከመንገድ ወጥተው እየተመለሱ ይፋለማሉ። ክፍት ጎማ ከክፍት ጎማ ሲነካካ መኪናው ሊዘል ይችላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ መነካካት ትልቅ አደጋ ነው። አንዱም ሌላውን ግን አልገፋም፣ ቦታ ይተውለታል። ቪልኔቭ ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ቀደመ። ወርደው ተሳሳቁ።

የጣና ዳር ልጅ፦

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ የኮማስን ቪዲዮ፣ ከዚያ ዲዦን፣ ከዚያ የሞናኮውን ዙር ቀኝ እጁን እያሳየሁ፣ ከዚያ ፉጂ፣ መጨረሻ ዶኒንግተን። የሞስንና የፋንጂዮን በቃል እነግረዋለሁ። ኢሞላን አላሳየውም፣ ራሱ ሲደርስበት ይየው።

ባጃጅ ተራ፦

ስቲዋርትን ዘለልከው እኮ።

የጣና ዳር ልጅ፦

አልዘለልኩትም፣ ከፉጂ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ። አንተም ና፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ግሽ ዓባይ ነው ቤታችን። ጋሼ ከመጡ ደግሞ ወንበር ከፊት እናደርጋለን።